የኤልዳና ዋስ

ዋስ እንድሆን መመረጤን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ቀጥሎ የምጽፈውን የሚያነብ ሰው ጎትተው የወሰዱኝ እንዳይመስለው። በእግሬ ነው የሄድኩት። ያውም የክት ቀሚሴን ለብሼ፣ ነጠላዬን አጣጥፌ፣ የቤቴን ካርታ በላስቲክ ጠቅልዬ።

የልጅ ልጄ ኤልዳና ክንፈ ሰማይ በሚባለው አየር መንገድ የበረራ አስተናጋጅ ለመሆን ካመለከተች ቆይታለች። ገና ጡት ሳትጥል እናቷ ስለሞተች ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ "እማ" የምትለውም እኔን ነው። ዛሬ ሰው የሚቀጠርበት ሥራ ምን ቀረ? ባንኩ ውስጥ ሰው የለም። ሆቴሉ ውስጥ ሰው የለም። ክሊኒክ ብትሄዱ ሐኪሙ የሚናገር ግድግዳ ነው። ርካሹ አውሮፕላን ላይም ሻይ የሚያዞረው ማሽን ነው። ሰው የሚያስተናግድበት አውሮፕላን ግን ውድ ነው፤ ባለጸጎቹ የሚከፍሉት ለወንበሩ ሳይሆን ጎንበስ ብሎ "ምን ልታዘዝ?" ለሚላቸው ሰው ነው ይባላል። እናም ወጣቱ ሁሉ እዚያ በር ላይ ይሰለፋል።

"እኔ አይደለሁም የመረጥኩሽ" አለችኝ ኤልዳና፣ ጥሪው በመጣ ቀን። "እነሱ ናቸው። ቃለ መጠይቁ ላይ የተናገርኩትን ሁሉ አዳምጠው፣ ከማውቀው ሰው ሁሉ አንቺን አወጡ።"

"ሌላ ማን አለሽና!" አልኳት። ግን ኮርቻለሁ።

በእኔ ጊዜ ዋስ ማለት ደመወዝ ወይም ቤት ያለው ሰው ነበር። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስቀጠር አጎቴ ናቸው ቀርበው የፈረሙልኝ። ያን አስቤ ነው ካርታዬን የያዝኩት። ደመወዝ የለኝም፤ ቤት ግን አለኝ።

ሰኞ ጠዋት ከአዳማ በባቡር ወደ ወንጂ ወረድን።

"ቁርስ በላሽ?"

"በልቻለሁ እማ።"

"መቼ በላሽ? እኔ አላየሁም።"

"እማ፣ ስንደርስ እንዲህ እንዳትሆኚ፣ እሺ? እንደ ጫጩት እንዳትከተይኝ።"

"ጫጩቷ አንቺ ነሽ። እኔ ዶሮዋ ነኝ።"

"ታዲያ ማነው ማንን የሚከተለው?" ብላ ሳቀች። ስትስቅ እጇን ያዝኩ፤ በረዶ ነበር። ፈርታለች አልኩ በልቤ። ፊቷ ላይ ግን ፍርሃት የሚባል አልነበረም። ስላደገች ነው ብዬ አለፍኩት።

ወንጂ ድሮ የሸንኮራ አገዳ አገር ነበር። አገዳው በነበረበት ሜዳ ላይ አሁን ክንፋቸው የተቆረጠ አውሮፕላኖች ጎን ለጎን ተኝተዋል። አይበሩም። ልጆቹ የሚፈተኑት በሆዳቸው ውስጥ ነው።

በሩ ላይ የተቀበለችን ሔራን የምትባል ልጅ ናት፤ የፈተናው ኃላፊ። መልከ መልካም፣ ትሑት፣ ስታናግር አንገቷን ዘንበል የምታደርግ። ኤልዳናን ወደ ግራ ላከቻት፤ እኔን ወደ ቀኝ። ካርታዬን አወጣሁ።

"ይሄ ምንድን ነው እማማ?"

"የቤት ካርታ ነዋ። ለዋስትና።"

"ውይ እማማ! ቤትዎን ምን እናደርገዋለን? እኛ የምንፈልገው እርስዎን ነው።"

እንዲህ ያለ መልካም ቃል ከመሥሪያ ቤት ሰምቼ አላውቅም። ቀጥላ "ሕመም አለብዎት?" አለችኝ። የሚጠይቀኝ ስላገኘሁ ዘረዘርኩላት፤ ግፊት አለብኝ፣ ስኳርም ጀማምሮኛል፣ ጉልበቴ ደግሞ ክረምት ሲገባ…

"ግፊቱ ይበቃናል" አለችና አውራ ጣቴን መስታወት ላይ አስነካችኝ። መስታወቱ ላይ የተጻፈ ነገር ነበር። መነጽሬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። የምን ማንበብ ነው፣ ለልጄ አይደል!

ዋሶቹ የተቀመጥንበት አዳራሽ አንድ ግድግዳው በሙሉ መስታወት ነው። ከመስታወቱ ወዲያ ያለው የአውሮፕላኑ ሆድ ነው። እኛ እናያቸዋለን፣ እንሰማቸዋለን፤ እነሱ እኛን አያዩም፣ አይሰሙም። የሙሽራ ዘመድ መስለን ተደርድረን ተቀመጥን። ከጎኔ የነበሩት አቶ ኪሩቤል የሚባሉ ሰው ናቸው፤ መኪና ሾፌር በነበረው ዘመን ተሳቢ ይነዱ የነበሩ። ናታኒም የሚባለው ልጃቸው ሲፈተን ዋስ ሊሆኑ ነው የመጡት።

"እርስዎስ ማንን ይዘው ነው እትዬ?"

"የልጅ ልጄን። ያቻት፣ ረዘም ያለችው።"

"ኧረ ይቺማ ጣራውን ትነካዋለች! የእኔው ያ ሆዳሙ ነው። ቁርሱን ሁለቴ በልቶ ነው የመጣው፣ ቀበቶው ቢበጠስ ኃላፊነቱ የእሱ ነው።"

መጀመሪያ ክንድ ማንጠራራት ነበር። ጫማቸውን አውልቀው በጣታቸው ጫፍ ግድግዳው ላይ ያለውን ምልክት ይነካሉ፤ ያልደረሰ በመጣበት ይመለሳል። ይሄ በእኔም ጊዜ ነበረ። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን አልነበረም።

ስማቸው ቀረ። በወንበር ቁጥር ይጠሩ ጀመር፤ ኤልዳና "ዘጠኝ መ" ሆነች። ከእያንዳንዳቸው ራስ በላይ ትንሽ መብራት ተንሳፍፋ ትከተላቸዋለች። ፈገግታቸው ከአፍ ብቻ ከሆነ ቢጫ ትሆናለች፤ ዓይን ድረስ ከደረሰ አረንጓዴ። ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ደግሞ ቅጥሮች ናቸው። ሥራቸው መሳደብ ነው።

አንዱ ቦርጫም ኤልዳናን እጇን ይዞ አሸተታትና፣ "ምንድን ነው ይሄ? ሽንኩርት ስትልጪ ነው ያደርሽው?" አላት።

"ይቅርታ ጌታዬ፣ ወዲያው ታጥቤ እመለሳለሁ" አለች። መብራቷ አረንጓዴ።

ብድግ አልኩ። "አንተ ባለጌ! ሽንኩርቱን የላጥኩት እኔ ነኝ! እሷ መች ነክታ ታውቃለች!"

"ይቀመጡ እንጂ እትዬ" አሉኝ አቶ ኪሩቤል በሳቅ እየፈረሱ። "ሰውየው እኮ እንጀራው ነው።"

"ስድብ እንጀራ ሆነ?"

"ይኸው ሆነ! የእኔ ልጅ ሥራ ፈትቶ ቤት ቁጭ ብሎ ስንት ዘመን በነጻ ሰደበኝ። ደመወዝ እንዳለው ማን ነገረን?"

ሲስቁ ሳቅሁ። የኤልዳና መብራት ከሁሉም በላይ ደማቅ ነበረች። ልጄ አንድም ጊዜ ቢጫ አልሆነችም። ለጎረቤቶቼ የምነግረውን ሁሉ በሐሳቤ እያሰናዳሁ ነበር።

ከምሳ በኋላ ሔራን ወደ እኛ አዳራሽ ገባች። እጆቿን አጣምራ፣ "አሁን የምትሰሙት ነገር ሊያስደነግጣችሁ ይችላል" አለች። "አትፍሩ፣ እውነት አይደለም። በረራው ረጅም ነው፤ በመሃል ስንት ክፉ ወሬ ከምድር ይደርሳል። እንግዶቻችን ግን የሚከፍሉት ልባቸው እንዳይረበሽ ነው። አስተናጋጁ ምን ቢሰማ ሳይናወጥ ማስተናገድ ይችል እንደሆነ ማየት አለብን። ሁላችሁም ፈቅዳችኋል።"

"መቼ ነው የፈቀድነው?" አለ አንድ ሰው ከኋላ።

"ጠዋት በአውራ ጣትዎ።"

ወጣች። ናታኒም ትሪ ይዞ በወንበሮቹ መሃል ሲመጣ ድምፅ ተሰማ። ሴትም ወንድም ያልሆነ፣ የማይቸኩል ድምፅ ነው።

"ስድስት ለ። አባትህ አቶ ኪሩቤል በመጠበቂያው ክፍል ልባቸው ቆሞ አርፈዋል። አምስት ሀ ላይ ያሉት እንግዳ ውሃ ይፈልጋሉ።"

አቶ ኪሩቤል ሳቃቸው ፊታቸው ላይ ደረቀ። "ማነው ያረፈው?" ብለው በመዳፋቸው ደረታቸውን ነኩ። "ማንን ነው የሚለው ይሄ?"

ልጁ ትሪውን ለቀቀው። ብርጭቆው ሲሰበር የመብራቱ አረንጓዴ ጠፋ። "አባዬ!" ብሎ ጮኸ፤ ያን የመሰለ ግዙፍ ጎረምሳ እንደ ሕፃን ነው የጮኸው። ወደ በሩ ሮጠ፣ በሩ አልከፈት ሲለው መሬት ላይ ተዘርሮ ሸሚዙን ቀደደ። አቶ ኪሩቤል ወንበር ገልብጠው ወጡ። ለእሳቸው በሩን ከፈቱላቸው። ገብተው ልጁን ከመሬት ሲያነሱት አየን። ልጁ አያቸው፣ ደነገጠ፣ ደረታቸውን በቡጢ መታቸውና አንገታቸው ላይ ተጠምጥሞ እንደገና ያለቅስ ጀመር።

አቶ ኪሩቤል እንባቸው እየወረደ፣ ባያዩንም ወደ እኛ ዞሩ። ሁለት እጃቸውን አነሱ።

"ወደቀ!" አሉ። "ልጄ ወደቀ! እልል በሉልኝ እንጂ!"

ትከሻቸውን እየሰበቁ በተሰበረው ብርጭቆ ላይ ጨፈሩ። ከኋላችን አንዲት ሴት እልል አለች። እኔም አጨበጨብኩ። ስንት ጊዜ ደጅ ጠንተን ያገኘነው ዕድል ነው፤ እሱን ሁሉ ረሳሁትና በልቤ መለመን ጀመርኩ። ኤልዱዬ፣ ጣይው። ትሪውን ጣይው እናቴ።

የእሷ ተራ ደረሰ። የያዘችው የፈላ ሻይ ያለበት ማንቆርቆሪያ ነበር።

"ዘጠኝ መ። አያትሽ ወይዘሮ ሳምራዊት በመጠበቂያው ክፍል ግፊታቸው ከፍ ብሎ ወድቀዋል። አርፈዋል። ሰባት ሐ ላይ ያሉት እንግዳ ሻይ ይፈልጋሉ።"

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ሁላችንም እናውቃለን። ጎሕ ሲቀድ ነው። ዘመድ ጎረቤት አስቀድሞ ይሰበሰባል። የሚረዳው ሰው ተቀምጦ፣ ከኋላው የሚይዘው ሰው ቆሞ ነው። የእናቷን መርዶ እኔ ስረዳ ሰባት ስምንት ሆነው ነው የያዙኝ። ቆሞ የፈላ ውሃ የያዘ ሰው፣ ያውም ለብቻው፣ ከጣራ ላይ መርዶ ሲወርድበት ያየሁት ያን ቀን ነው።

ኤልዳና ወደ ሰባት ሐ ሄደች። ጎንበስ አለች። ቀዳች።

"ስኳር ላድርግልዎት?"

ከማንቆርቆሪያው አንዲት ጠብታ አልወደቀችም። መብራቷ አረንጓዴ ናት፤ እንዲያውም ደመቀች። ቦርጫሙ ሰውዬ ቀና ብሎ አያትና፣ "ዛሬ ደስ ብሎሻል መሰለኝ" አላት።

"እርስዎን እያስተናገድኩ እንዴት ደስ አይለኝ!"

መስታወቱን በሁለት እጄ መታሁት። "አለሁ! ኤልዱ፣ አለሁ! አልሞትኩም!" ማን ይሰማኛል? ድምፄ ወደ ራሴ ነው የተመለሰው። እሷ ሻዩን ይዛ ወደሚቀጥለው ወንበር አለፈች።

ስመለስ ሰዎቹ ተነሥተው እጄን ጨበጡኝ። "እንኳን ደስ ያለዎት። አንደኛ ናት እኮ!" ይሉኛል። ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ሁሉ ዘመን አዝዬ፣ አጥቤ፣ ትምህርት ቤት አመላልሼ፣ አንዴ ዓይኗን ብታርገበግብልኝ ምን ነበረበት?

ሔራን መጥታ እግሬ ሥር ቁጢጥ አለች።

"እማማ፣ ምነው ያለቅሳሉ?"

"አትወደኝም ለካ።"

"ኧረ እማማ! ባትወድዎትማ መች እንመርጥዎት ነበር? ከሰው ሁሉ በላይ የሚጎዳት የእርስዎ ሞት ስለሆነ ነው የተጠሩት።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ማቆያ አስገብታለች፤ አልነገረችዎትም? ከጆሮዋ ኋላ ነው፣ ምስር አታክልም። ሐዘን ሲመጣ፣ ድንጋጤ ሲመጣ፣ ቁጣ ሲመጣ ይይዝላታል። ሥራዋን ጨርሳ ስትወርድ ይለቀዋል።"

"ሳትነግረኝ አስገባች?"

"ይጨነቃሉ ብላ ነው።"

በነጠላዬ ጫፍ ፊቴን ጠረግኩ። ከዚያ፣ "እንግዲያው አሁን ገብቼ ይኸው አለሁ ስላት ይጠፋላታል?" አልኳት።

አንገቷን ዘንበል አደረገች። "ስታይዎት ትደሰታለች። የተያዘው ግን ተይዟል። ማቆያው የሚያውቀው መርዶ መስማቷን ነው፤ ውሸት መሆኑን አያውቅም። ዛሬ ወደ ቤት ስትሄዱ ይወርድላታል። አንዴ ሲወርድ ዋሱ አጠገብ ሆኖ ማየት አለበት፣ ሕጉ እንደዚያ ነው። ካዩ በኋላ እደውልልዎታለሁ። 'ዋሷ ነኝ' ካሉ ማቆያው እንዳለ ይጸናል፣ ትቀጠራለች። ካላሉ ሐሙስ ይወጣላታል፤ ሥራውም ይቀራል።"

"እሷ ብትፈልግ እኔ ባልፈልግስ?"

"ያለ ዋስ አይሆንም እማማ።"

ኤልዳና እየሮጠች ወጣች። አቅፋ አነሳችኝ። "እማ! አለፍኩ! አንደኛ!" ጉንጬን ሳመችኝ፣ ነጠላዬን አስተካከለችልኝ። ልጄ ናት፤ ጠረኗ ያው ነው።

"ሞታለች አሉሽ እኮ" አልኳት።

"ሰማሁ።"

"አመንሽ?"

ትንሽ አሰበች። "አመንኩ።"

"ታዲያ ምን አልሽ? በልብሽ?"

"ሻዩ እንዳይፈስ" አለች።

ወደ አዳማ የሚመለሰው ባቡር ሞልቶ ነበር። እንደምታውቁት ባቡር ላይ ሰው አይነጋገርም፤ ሁሉም ጆሮው ውስጥ የሰካውን እያዳመጠ የየራሱን ዓለም ያያል። ኤልዳና መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ስለ ዩኒፎርሙ ትነግረኛለች፤ ስካርፉ ሰማያዊ ነው፣ መጀመሪያ የምትበረው ወዴት እንደሆነ አይታወቅም፣ የመጀመሪያ ደመወዟን ስትቀበል ጉልበቴን ታሳክመኛለች። ባቡሩ የመስኖውን ቦይ ሲያልፍ ንግግሯ ተቋረጠ።

"እማ" አለች። "አለሽ አይደል? አውቃለሁ እኮ… እዚህ ነሽ… ግን…"

ከንፈሯ ተጣመመ። እጄን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ ከሆዷ የወጣው ጩኸት የሰው አልመሰለኝም።

"እማዬን! ወይኔ እማዬን!"

"አለሁ ልጄ፣ ይኸው፣ እጄን ይዘሽ—"

"ቁርስ በላሽ የምትለኝን! ዝናብ ሳይኖር ጃንጥላ ይዛ ፌርማታ የምትጠብቀኝን! ስልክ ሳላነሳ ስቀር ከሆስፒታል ሆስፒታል የምትዞርልኝን! ሰልችቶኝ በር የዘጋሁባትን! ማን ይጨቅጭቀኝ? ማን ይነዝንዘኝ ከእንግዲህ?"

እጄን ይዛ ለእኔ ታለቅሳለች። ደረቷን ስትመታ እጄም አብሮ ይመታል። ሰው ከሞተ በኋላ የሚባልለትን ቁጭ ብሎ አይሰማም፤ እኔ ሰማሁ። እውነቱን ልናገር፣ ጠጣሁት። በር የዘጋችብኝን ቀን አስታውሳለሁ፤ ቆጭቷት እንደሆነ አላውቅም ነበር። ይህን በማድመጤ አሁን ስጽፈው ፊቴ ይግላል።

ባቡሩ ውስጥ ያለው ሰው ጆሮው ውስጥ የሰካውን አንድ በአንድ አወጣ። ስንት ዘመን ተሳፍሬ እንዲህ ሲሆን አይቼ አላውቅም። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሁለት ሴቶች ከወንበራቸው ተነሥተው መጥተው ከኋላዋ ያዟት። አንዷ፣ ቀይ ሹራብ የለበሰች ጎልማሳ፣ ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

"ማን ሞቶባት ነው?"

"አያቷ" አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

"ውይ! ታመው ነው?"

"ግፊት ነው።"

"ወይ ግፊት፣ ስንቱን ጨረሰው! እርስዎስ ምኗ ነዎት?"

ኤልዳና አንገቴ ሥር ተወሽቃ "እማዬ!" ትላለች። "ጎረቤት ነኝ" አልኩ።

"ታድላ፣ ጎረቤት አላት። ደግ ሴት ነበሩ?"

"ጭንቀታም ነበረች።"

"እሱማ ፍቅር ነው" አለችና ሴትዮዋ ራሷ ማልቀስ ጀመረች። "የእኔም እናት እንደዚያው ነበረች።" ፊት ለፊት ያለ ወጣት አለቀሰ። ሽማግሌውም በባርኔጣቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። "እግዜር ያጽናችሁ" ይሉኛል እየመጡ። እኔም አሜን እላለሁ፣ ለራሴ ሞት።

"የመጨረሻ ቃሏን እንኳ ሳልሰማ! እኔ ሻይ እየቀዳሁ! እማዬ ስትወድቅ እኔ ሻይ እየ—"

ቆመ።

ቃሉ ከመሃል ተቆረጠ፣ ቧንቧ ሲዘጋ እንደሚቆም ውሃ። ቀና አለች። ከቦርሳዋ ሶፍት አውጥታ ፊቷን ጠረገች፣ ፀጉሯን አስተካከለች። ዓይኗ ቀልቷል፣ ፊቷ ግን እንደ ጠዋቱ ነው። የያዟትን ሴቶች በፈገግታ አየቻቸው። ሴቶቹ ገና እያለቀሱ ነው።

"ስለ አብሮነታችሁ በጣም አመሰግናለሁ" አለች። "እባካችሁ ወደየወንበራችሁ ተመለሱ።"

ቀይ ሹራብ የለበሰችው እጇን እሳት እንደነካ ሰው ሰበሰበች። ልጅቷን አየች፣ እኔን አየች። ከኋላ አንድ ሕፃን "እማዬ፣ ለምን ዝም አለች?" ብሎ ጠየቀ።

"አለቀ?" አልኳት።

"አለቀ እማ። ይሄው ነው፣ በቃ። ቅልል ይላል፤ ብታይው!" እጄን መታ መታ አደረገች። "አሁን ሲደውሉ እሺ በያቸው።"

"ያ ሁሉ… የት ሄደ?"

"ወረደ።"

"እኔ በእውነት የሞትኩ ቀንስ?" አልኳት ጆሮዋ ሥር።

"እሱም ይወርዳል" አለች፣ እንደሚያጽናና ሰው።

እጄ ላይ ያሰርኩት ስልክ ጠራ። ስልክ ላይ ጆሮዬ በደንብ ስለማይሰማ ድምፁን ከፍ አድርጌ ነው የማናግረው፤ ባቡሩ ሁሉ ይሰማል።

"እማማ፣ ሔራን ነኝ። ወረደላት?"

"ወረደላት።"

"ጎሽ። እንግዲህ ድምፅዎ ይቀረጻል። ወይዘሮ ሳምራዊት፣ የኤልዳና ዋስ ነዎት?"

ኤልዳና ራሷን ነቀነቀችልኝ፤ እሺ በይ ማለቷ ነው። የተመኘችው ሁሉ አፌ ላይ ነበር። ሰማያዊው ስካርፍ፣ ደመወዙ፣ የእኔ ጉልበት። ሁለት ቃል ነው። ፊቷን አየሁት። ያ ከሆዷ የወጣው ጩኸት አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ የእኔ ነው፣ የእሷም ነው። ለቦርጫሙ ሰውዬ ሻይ ብዬ ለማንም አልሰጥም።

"ሳምራዊት የለችም" አልኩ።

"አቤት?"

"አርፋለች። ዛሬ ነው ያረፈችው፣ በመጠበቂያ ክፍላችሁ ውስጥ።"

"እማማ፣ እኔ ነኝ እኮ፣ ድምፅዎን አውቀዋለሁ—"

"መርዶውን የነገራችሁት እናንተ አይደላችሁም? ልጅቷስ ይኸው አልቅሳ ጨረሰች። የሞተ ሰው ዋስ ሲሆን የት ታይቷል?"

ቀይ ሹራብ የለበሰችው ብድግ አለች። ወደ እጄ አንገቷን አስግጋ፣ "አንቺ!" አለች። "እንዴት ያለሽ ሰው ነሽ? ሴትዮዋ ሞተዋል ተባልሽ! እዚህ ባቡር ሙሉ ሰው እያለቀሰላቸው ነው! በልቅሶ መሃል ደውለሽ ዋስ ትጠይቂያለሽ? ነውር አታውቂም?"

"ነውር ነው!" አሉ ሽማግሌውም።

የሔራን ድምፅ ያው እንደ ማር ነበር። "ዋስ አልተገኘም ብዬ መዝግቤዋለሁ። ሐሙስ ጠዋት ይምጡ። እማማ… ማቆያው ከእንግዲህ የሚይዘውን አይለቅም፤ ሲወጣ የያዘው ሁሉ አንዴ ነው የሚወጣው። አጠገቧ ሰው ይሁን።" ዘጋችው።

ወደ ኤልዳና ለመዞር ድፍረት አጣሁ። ዞርኩ። ሁሉንም ሰምታለች። ልጄን አውቃታለሁ፤ በሌላ ጊዜ ቢሆን በዚያች ደቂቃ ፊቷ ይጠቁር ነበር፣ ትጮህብኝ ነበር፣ በሚቀጥለው ፌርማታ ጥላኝ ትወርድ ነበር። ፈገግ አለችልኝ። ዓይኗ ድረስ።

"እሺ እማ" አለች። "ቦርሳሽን ልያዝልሽ?"

ዛሬ ረቡዕ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። ምግብ ታቀርብልኛለች፣ መድኃኒቴን ታስታውሰኛለች፣ ቤቱን እየዞረች ታንጎራጉራለች። በር አትዘጋብኝም። ስታየኝ ሁሉ ፈገግ ትላለች፤ እኔም በፈገግታዋ ልክ ከኋላው የተጠራቀመውን ቁጣ እገምታለሁ።

ነገ ጠዋት አብሬያት ወንጂ እወርዳለሁ። ለሔራን ደውዬ ነግሬያታለሁ፤ ማቆያው ሲወጣ ክፍሉ ውስጥ ነርስም፣ ጠባቂም፣ ማንም ፊት ለፊቷ እንዳይቆም። መጀመሪያ የምታየው እኔን ይሁን።